ገዳዩ ከመጀመሪያው ቢታወቅስ? ስለ ዶክተር ሮይሎት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የሼርሎክ ሆልምስን ‹ዝንጉርጉሩ መቀነት› በአራት ክፍል ለሬዲዮ ትረካ እያዘጋጀሁ ነው። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቼ ሦስት ነገር ተቹብኝ። አንደኛ፣ ገዳዩ ዶክተር ሮይሎት መሆኑ ገና ሲጀመር ያስታውቃል፤ ታዲያ አድማጭ ምን ሊጠብቅ ነው? ሁለተኛ፣ እባብ ወተት አይጠጣም፣ ፉጨትም አይሰማም። ሦስተኛ፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቁጡ አውሬ ነው፣ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ገዳዩን ወደ ባለታሪኳ ወደ ሄለን እጮኛ ልቀይር፣ ወይም ሮይሎትን እስከ መጨረሻው ደግ አስመስዬ ላቆየው አስቤያለሁ። የትኛው ይሻላል?»

ሁለቱንም አታድርጊ። ገዳዩን ወደ እጮኛዋ ከወሰድሽው ታሪኩ ይፈርሳል። ሮይሎትን ደግ ካስመሰልሽው ደግሞ ፍርሃቱ ይጠፋል። ጓደኞችሽ ካሉት ውስጥ ስለ እባቡ የተናገሩት በአብዛኛው ልክ ነው። ሁለቱ ሌሎች ትችቶች ግን ታሪኩን በተሳሳተ በር ገብቶ ከማንበብ የመጡ ናቸው፤ እሱን ካስተካከልን የቀረው በራሱ ይቃናል።

ታሪኩን ላላነበበ ሰው በጥቂቱ ላስቀምጠው። አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1892 በስትራንድ መጽሔት ያወጣው ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ የሚሆነው በ1883 ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። ሄለን ስቶነር የምትባል ሴት በማለዳ ለንደን፣ ቤከር ስትሪት፣ ሆልምስ ቤት ትመጣለች። ትንቀጠቀጣለች። ሆልምስ የበረዳት መስሎት ወደ እሳቱ ጠጋ በይ ሲላት፣ የሚያንቀጠቅጠኝ ብርድ አይደለም፣ ፍርሃት ነው ትለዋለች። የምትኖረው ሰሪ በሚባለው አውራጃ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ስቶክ ሞራን በተባለ አሮጌ ቤት ከእንጀራ አባቷ ከዶክተር ግሪምስቢ ሮይሎት ጋር ነው። መንትያ እህቷ ጁሊያ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለሠርጓ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀራት፣ አንድ ሌሊት ጮኻ ከክፍሏ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። «መቀነቱ ነው! ዝንጉርጉሩ መቀነት!» አለች፤ ጣቷን ወደ ዶክተሩ ክፍል ቀሰረች፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። አሁን ደግሞ ሄለን ታጭታለች። ቤቱ ይታደሳል ተብሎ የክፍሏ ግድግዳ ስለተበሳ በሟች እህቷ አልጋ ላይ እንድትተኛ ተደርጓል። ትናንት ሌሊት እህቷ ከመሞቷ በፊት ትሰማው የነበረውን ፉጨት ራሷ ሰማች።

ወደ መጀመሪያው ትችት ልምጣ። አዎ፣ ገዳዩ ያስታውቃል። እንዲያውም ጓደኞችሽ ካሰቡት በላይ ያስታውቃል። ጁሊያ ስትሞት የአካባቢው የሞት መርማሪ ጉዳዩን በጥንቃቄ ነው የመረመረው፤ ምክንያቱም የዶክተሩ ጠባይ በአውራጃው ሁሉ የታወቀ ነበር። ማለትም ሆልምስ ከመምጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት ሕግ ራሱ ይህን ሰው ጠርጥሮት ነበር። ግን ምንም አላገኘም። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። መስኮቶቹ በወፍራም የብረት ዘንግ በሚጠረቀሙ መዝጊያዎች ተዘግተዋል። ግድግዳውም ወለሉም ተንኳኩቶ ታይቷል፣ ድፍን ነው። የጭስ ማውጫው ሰፊ ቢሆንም በብረት ታግዷል። ሬሳው ላይ የጉዳት ምልክት የለም፤ ሐኪሞች መርዝ ፈልገው አጥተዋል። ስለዚህ የታሪኩ ጥያቄ «ማን ገደላት?» አይደለም። «ሁሉም የሚጠረጥረው ሰው ተቆልፎ የተኛን ሰው እንዴት ገደለ? አሁንስ ሁለተኛዋን ሊገድል ሲል ማን ያስቆመዋል?» ነው። አድማጭሽ የሚጠብቀው ይህን ነው፤ ስም አይደለም።

የተደበቀ ክፉ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ጭምብሉ የሚወልቅ፣ በዚያው ዘመን ሞልቷል። እሱን ከፈለግሽ የዊልኪ ኮሊንስን የ1868 «የጨረቃ ድንጋይ» ውሰጂ፤ እዚያ ሌባው በበጎ አድራጎት ሥራ የተመሰገነ ጨዋ ሰው ነው፣ መጽሐፉም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እሱን ለመደበቅ ነው የተሠራው። ዝንጉርጉሩ መቀነት ግን እንዲህ አልተሠራም። ሮይሎትን ደግ ካደረግሽው ሄለን ለምን ተንቀጥቅጣ መጣች? ክንዷ ላይ ያሉት የአራት ጣትና የአንድ አውራ ጣት ሰንበሮች ከየት መጡ? ሆልምስ እጅጌዋን ገለጥ አድርጎ ሲያያቸው እሷ ምን እንደምትል አንብቢ፤ እሱ ብርቱ ሰው ነው፣ የጉልበቱን ልክ ሳያውቀው ቀርቶ ይሆናል ትላለች። ሊገድላት የሚዘጋጀውን ሰው፣ አብራው ስለምትኖር፣ ትሸፍንለታለች። እዚህ ቦታ ላይ አድማጩ ከእሷ በላይ ማወቅ አለበት። ካላወቀ ዓረፍተ ነገሩ ባዶ ይሆናል።

እጮኛዋን ገዳይ የማድረጉ ሐሳብ በሒሳብ ይወድቃል። ወደ ገንዘቡ ስመጣ ታዪዋለሽ። እጮኛዋ ፐርሲ አርሚቴጅ የሚጠቀመው እሷን አግብቶ በሕይወት ስትኖር ነው። ስቶክ ሞራን ውስጥም አይኖርም። ከዚያ ይልቅ ታሪኩ ውስጥ ያለውን ቦታ በደንብ ተጠቀሚበት፦ ፍርሃቷን ስትነግረው በለሰለሰ ቃል ያባብላታል፣ ዓይኗን ሸሽቶ፤ የድንጉጥ ሴት ቅዠት ነው ብሎ ያስባል። ክፉ አይደለም፤ አላመናትም እንጂ። ሮይሎት ደግሞ የሚኖረው በዚህ ዓይነቱ ዝምታ ውስጥ ነው።

አሁን ዋናው፣ «ጥልቀት የለውም» የሚለው። ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሄለን እንደወጣች ሮይሎት ሆልምስ ቤት ዘው ይላል። በሩን የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው፣ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ፣ በእጁ አለንጋ ይዟል። ይሳደባል። ከእሳቱ ዳር የብረት መቆስቆሻውን አንስቶ በእጁ ያጎብጠዋል፣ ወርውሮት ይወጣል። ሆልምስ ብረቱን አንስቶ መልሶ ያቃናዋል። ደስ የሚል ትዕይንት ነው፣ ተዋናዮችም ይወዱታል፣ ሰውየውም በዚያው «ብረት አጉባጭ» ሆኖ ይቀራል።

ግን እስኪ የጁሊያን ክፍል ሆልምስ እንዳየው እዪው። ከአልጋው በላይ የደወል ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ትራሱ ላይ ያርፋል። ሆልምስ ይስበዋል፣ አይደውልም። ሽቦ የለውም፤ የታሰረው ከትንሽ የአየር ቀዳዳ በላይ ባለ መንጠቆ ላይ ነው። ቀዳዳው ደግሞ ወደ ውጭ መከፈት ሲገባው ወደ ዶክተሩ ክፍል ነው የተከፈተው። ገመዱም ቀዳዳውም የተሠሩት በአንድ ሰሞን፣ ጁሊያ ልትሞት አካባቢ ነው። አልጋው ወለሉ ላይ በብረት ተጠርቋል፤ የተኛችው ልጅ ልታንቀሳቅሰው ብትፈልግ አትችልም፣ ከገመዱ ስር መውጣት የለም። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ክፍል እንለፍ። ትልቅ የብረት ካዝና አለ፣ በላዩ ወተት ያለበት ትንሽ ሳህን። ቤቱ ውስጥ ድመት የለም። ጫፉ ሸምቀቆ የተደረገ ትንሽ የውሻ አለንጋ አልጋው ጥግ ተሰቅሏል። ግድግዳው አጠገብ ያለውን የእንጨት ወንበር ሆልምስ ጎንበስ ብሎ በማጉያ መነጽር ይመረምራል፤ ሰውየው ቀዳዳው ጋ ለመድረስ እየደጋገመ ሲቆምበት ኖሯል።

«ሲቆምበት ኖሯል» የሚለውን ያዢልኝ። መግደያው በቀዳዳው አልፎ በገመዱ ወደ አልጋው የሚወርድ መርዛም እባብ ነው፤ ጁሊያ ዝንጉርጉሩ መቀነት ያለችውም እሱን ነው። እባቡ ግን የተላከበትን ሰው ሁልጊዜ አይነድፍም። ሆልምስ ራሱ ይላል፤ ልጅቷ ለአንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊቱን ልታመልጥ ትችላለች፣ አንድ ቀን ግን ማምለጥ አይኖርም። ጁሊያ ከመሞቷ በፊት ለተከታታይ ሌሊቶች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፉጨት ትሰማ ነበር። ስለዚህ ይህ ሰው በጨለማ ወንበር ላይ ወጥቶ ሞትን በቀዳዳ ይሰዳል፣ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ሳይሳካ ሲቀር ሊነጋ ሲል አፏጭቶ ይጠራዋል፣ ካዝናው ውስጥ ይቆልፈዋል። ቀኑን እዚያው ቤት ከልጅቷ ጋር ይውላል። በነጋታው ሌሊት እንደገና ይጀምራል። ይሄ ቁጣ ነው? የመንደሩን ብረት ቀጥቃጭ ከድልድይ አንስቶ ወንዝ ውስጥ የወረወረው ቁጡ ሰውና ወንበሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ትዕግሥተኛ ሰው አንድ ናቸው። ሮይሎት የሚያስፈራው በዚህ ነው። ሰው ሁሉ ቁጣውን እያየ ሲጠነቀቅ ትዕግሥቱን ማንም አላየለትም። ትረካሽ ቁጣውን ብቻ ካሰማ ጓደኞችሽ ልክ ይሆናሉ፣ ዶይል የጻፈው ሰው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚሁ ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለማያስተውለው። እህትማማቾቹ ሌሊት በራቸውን የሚቆልፉት ለምንድን ነው? ዶክተሩ ግቢው ውስጥ አቦሸማኔና ዝንጀሮ ፈትቶ ስለለቀቀ ነው። ግድያውን የማይቻል ያስመሰለው ቁልፍ የመጣው በራሱ በገዳዩ ምክንያት ነው። ሄለንን ወደዚያ አልጋ ያመጣት የቤት እድሳትም እንደዚያው፤ ምንም የሚታደስ ነገር አልነበረም፣ እሷም ከክፍሌ ሊያስወጡኝ ሰበብ ፈልገው ነው የሚመስለኝ ትላለች። ቤቱ በሙሉ በእጁ ነው። በሩን፣ ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ ማን የት እንደሚተኛ የሚወስነው እሱ ነው።

ገንዘቡን የሬዲዮ ሰዎች መቁረጥ ይወዳሉ፣ ቁጥር አድማጭ ያሰለቻል እያሉ። አንቺ እንዳትቆርጪው። እናታቸው በዓመት ከ1000 ፓውንድ የማያንስ ገቢ ነበራት። ክሩ በተባለች ከተማ አጠገብ በደረሰ የባቡር አደጋ ሞተች። በኑዛዜዋ ልጆቹ አብረውት እስከኖሩ ድረስ ገቢው ሁሉ ለሮይሎት ይሆናል፤ ሲያገቡ ግን ለእያንዳንዳቸው የተወሰነ ዓመታዊ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ሆልምስ መዝገቡን ሄዶ ያያል። እናትየዋ ስትሞት 1100 ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ገቢ የእርሻ ምርት ዋጋ ስለወደቀ አሁን ከ750 አይበልጥም። እያንዳንዷ ልጅ ስታገባ 250 መውሰድ ትችላለች። ሁለቱም ቢያገቡ ለሮይሎት የሚቀረው 250 ነው። አንዷም ብትሆን ታጎድለዋለች።

የእርሻ ዋጋ መውደቁ ዶይል የፈጠረው ማስመሰያ አይደለም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ርካሽ የአሜሪካ እህል በባቡርና በመርከብ እንግሊዝ ሲገባ የባለርስቶቹ ገቢ በእርግጥ ወርዷል። ስለዚህ የሮይሎት ምክንያት በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል፤ በኑዛዜው ላይ የተጻፈው የልጆቹ ድርሻ አይቀንስም፣ የእሱ ቀሪ ነው የሚቀንሰው። ከዚያ ደግሞ ማን እንደሆነ አስቢ። ቤተሰቡ በአንድ ወቅት ከእንግሊዝ ባለጠጎች አንዱ ነበር፣ መሬቱ ከሰሪ አልፎ በርክሻየርና ሃምፕሻየር ይደርስ ነበር። አራት ትውልድ እየተከታተለ አባከነው። ለእሱ የደረሰው ጥቂት መሬትና በዕዳ የተያዘ የሁለት መቶ ዓመት ቤት ነው። ሀብት ፍለጋ አይደለም የሚገድለው። ከሟች ሚስቱ ገንዘብ ላይ ላለመነሳት ነው። ይህ ለአድማጭሽ አዲስ ነገር አይሆንም፤ በውርስ ምክንያት እህትና ወንድም፣ እንጀራ አባትና ልጅ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ያላየ ማን አለ? በእኔ ንባብ የታሪኩ እጅግ መራራ ነገርም እዚህ ነው፦ እናት ልጆቿን እጠብቅ ብላ ያስጻፈችው ቃል ነው ሠርጋቸውን የሞት ቀጠሮ ያደረገው።

የዘመኑን ሕግም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታስገቢ ይጠቅማል። እንግሊዝ ውስጥ ያገባች ሴት ንብረት በተለመደው ሕግ በባሏ ሥልጣን ስር ነበር፤ ይህን በስፋት የቀየረው በ1882 የወጣውና በ1883 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነው። ሄለን ቤከር ስትሪት የደረሰችው ከዚያ ሦስት ወር በኋላ ነው። ታሪኩ ይህን አይጠቅስም፤ ተራኪው ግን ሊጠቅሰው ይችላል።

እባቡ። እዚህ ጓደኞችሽን አልከራከራቸውም። ሆልምስ «የህንድ የረግረግ እፉኝት» የሚለው እባብ በዚያ ስም የሚታወቅ አይደለም። በአሥር ሰከንድ ሰው የሚገድል እባብ የለም። ወተት የእባብ ምግብ አይደለም። እባብ የውጭ ጆሮ የለውም፤ ንዝረትና ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማዋል፣ በፉጨት ተጠርቶ ገመድ ወጥቶ ወደ ካዝናው የሚመለስ ግን አይሆንም። ሌላም ልጨምርላቸው፦ ታሪኩ ዝንጀሮውን ከህንድ የመጣ እንስሳ ያደርገዋል። እኛ እንኳ እናውቀዋለን፤ ይህ ዓይነት ዝንጀሮ የአፍሪካና የደቡብ ምዕራብ አረቢያ ነው፣ ህንድ ውስጥ የለም። አቦሸማኔው ግን ልክ ነው፤ በዚያን ጊዜ ህንድ ውስጥ ነበረ፣ የጠፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው።

ታዲያ ይቀየር? አይቀየር። በመርዛማ ጭስ ወይም በሌላ ብልሃት ልተካው ብትይ ገመዱም፣ የተጠረቀው አልጋም፣ ሳህኑም፣ አለንጋውም ሥራ ይፈታሉ። ክፍሉ በሙሉ ለእባብ የተሰፋ ልብስ ነው። ማድረግ የምትችዪው ማለዘብ ነው። የእባቡን ዝርያ አትጥሪ፣ «ከህንድ የመጣ መርዛም እባብ» ይበቃል። አሥር ሰከንዱን አውጪው። የጁሊያ አሟሟት በራሱ ቀስ ያለ ነው፣ አትንኪው። ሳህኑ ይቆይ፤ ሰውየው ወተት ያስቀመጠው እሱ ስላመነበት ነው፣ ተራኪው ግን እባቡ ጠጣው ባይል ይሻላል። ዝንጀሮውን «የህንድ» አትበይው፣ አለቀ። ደግሞ እውነተኛ እባብ ማምጣት ብቻውን ሰው አያሳምንም። ዶይል ታሪኩን በ1910 ለንደን አደልፊ ቲያትር ላይ ሲያቀርበው እውነተኛ ትልቅ እባብ ነበር የተጠቀመው፤ አንድ ሐያሲ ግን ሰው ሠራሽ መሆኑ የሚያስታውቅ እባብ ብሎ ጻፈበት፣ ዶይልም በዚህ መናደዱን በትዝታ መጽሐፉ ላይ ነግሮናል። በሬዲዮ ያንቺ ዕድል ይሻላል። እባቡ አይታይም።

ሦስት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የመጀመሪያው ህንድ ነው። ሮይሎት ሐኪም ሆኖ ካልካታ ሠርቷል። እዚያ ቤቱ ውስጥ ስርቆት ተደጋገመ ብሎ በንዴት የቤት አሽከሩን ደብድቦ ገደለው፤ ከሞት ፍርድ ለጥቂት ተርፎ ረጅም እስር ታሰረ። ሄለን ቁጣው በዘር የመጣ ነው፣ የሞቃት አገር ኑሮ ደግሞ አባባሰው ትላለች። የዘመኑ አንባቢ ይህን ተቀብሎ ያልፍ ነበር፤ አንቺ ግን ክፋቱ ከህንድ የመጣ በሚመስል ሙዚቃና ድምፅ አታጅቢው። ህንድ ውስጥ የሞተ ሰው አለ፣ ገዳዩ ደግሞ ከእንግሊዝ የሄደው ነው። ታሪኩ ለዚያ አሽከር ስም እንኳ አልሰጠውም። ተራኪሽ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም ይበል።

ሁለተኛው ጂፕሲዎቹ፣ ማለትም ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚኖሩት ሰዎች፣ ናቸው። ዶክተሩ መሬቱ ላይ እንዲሰፍሩ ይፈቅድላቸዋል፤ ሆልምስም መጀመሪያ የጠረጠረው እነሱን ነው። በኋላ ሙሉ በሙሉ ተሳስቼ ነበር ይላል። ይህን የሆልምስን ስህተት አትደልዢው። አውሮፓ ውስጥ ጂፕሲ ማለት ሌባ ማለት ነው የሚለው ጥላቻ የቆየ ነው፤ ታሪኩ ራሱ ያርመዋል፣ አንቺም እርማቱን ጮክ አድርገሽ አሰሚው።

ሦስተኛው ስለ ሐኪምነቱ የሚነገረው ነው። ሌሊት በጨለማ ሊጠብቁ ሲዘጋጁ ሆልምስ ለጓደኛው ለዶክተር ዋትሰን፣ ሐኪም ሲከፋ ከወንጀለኞች ሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ድፍረቱም እውቀቱም አለው ይለዋል። ይህን በሙሉ ተጠቀሚበት፤ ዶይል ራሱ ሐኪም ነበር፣ የሚናገረውን ያውቃል። ሮይሎት የመረጠው በዘመኑ የኬሚካል ምርመራ የማይገኝ መርዝ ነው፤ ሁለት ትንንሽ የጥርስ ቀዳዳዎችን ደግሞ ሬሳ መርማሪ እንደማያይ ያውቃል። ቀጥሎ ሆልምስ ፓልመርና ፕሪቻርድ የሚባሉ ሁለት ስሞችን በሙያቸው አንቱ የተባሉ ነበሩ ብሎ ይጠራል። ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ዊልያም ፓልመር በ1856፣ ኤድዋርድ ፕሪቻርድ በ1865 በመርዝ ግድያ ተሰቅለዋል። አንቱ የተባሉ ሐኪሞች የሚለው ግን ማጋነን ነው። እሱን ቁረጪው፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያዢ።

አልጠየቅሽም እንጂ አድማጭ መጠየቁ አይቀርም፦ ሆልምስ ሮይሎትን ገደለው ማለት ነው? በጨለማ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ እባቡ በገመዱ ይወርዳል። ሆልምስ በዱላው ደጋግሞ ይመታዋል። እባቡ ተቆጥቶ በመጣበት ቀዳዳ ይመለስና መጀመሪያ ያገኘውን ሰው ይነድፋል። ሆልምስ በተዘዋዋሪ ለሞቱ ተጠያቂ ነኝ ይላል፣ ሕሊናዬን ግን ብዙ አይከብደውም ይላል። ይህን አታለሳልሺው፣ ይቅርታ የሚጠይቅም አታስመስዪው። ሬሳው ፊት ቆሞ የሚናገረው ደግሞ ለሌላው በቆፈሩት ጉድጓድ ስለ መውደቅ ነው። አማርኛ አድማጭ ምንጩን ወዲያው ያውቀዋል። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 10 ቁጥር 8ን ገልጠሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፦ ጉድጓድ የሚምስ ይወድቅበታል ካለ በኋላ፣ ቅጥር የሚያፈርስን እባብ ትነድፈዋለች ይላል። ግድግዳ የቀደደውን ሰው እባብ ነደፈው። ዶይል ሁለተኛውን ግማሽ አልጻፈውም፤ ተዋናይሽ የመጀመሪያውን በቅዱስ መጽሐፉ አማርኛ ከተናገረው ሌላውን አድማጩ ራሱ ይሞላዋል። ማብራሪያ አትጨምሪበት።

አከፋፈሉን በተመለከተ እንዲህ አድርጊው። ክፍል አንድ የሄለን ታሪክ ነው፣ በጁሊያ ጣት ይቁም። እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ሮይሎት ካባውን ደርቦ ከክፍሉ ይወጣል፣ ራሷን የሳተችው ልጅ አፍ ውስጥ ብራንዲ ያፈሳል፣ ከመንደሩ ሐኪም እንዲጠራ ይልካል። ድምፁ መጀመሪያ የሚሰማው እዚህ ይሁን፣ ዝግ ብሎ፣ እንደ ሐኪም። ክፍል ሁለት የብረቱ ትዕይንትና ኑዛዜው ይሁን፤ ጩኸቱ እዚህ ብቻ ይበቃል፣ ወዲያው ቁጥሮቹ ይከተሉት። ክፍል ሦስት የጁሊያና የዶክተሩ መኝታ ቤቶች ናቸው፤ ሮይሎት የለም፣ ዕቃው ብቻ ይናገራል፣ ሆልምስ አንድ በአንድ ይንካው፣ አትቸኩዪ። ክፍል አራት ሌሊቱ ነው። ሰዓቱ ሲደውል ይሰማ፤ ከአየር ቀዳዳው የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ እንደመጣ ተራኪው ይንገረን፤ ከዚያ ዝምታ። ለሮይሎት የምትመርጪው ተዋናይ መጮህ የሚችል ብቻ አይሁን፣ በሹክሹክታ መጠበቅ የሚችል ይሁን።

መጨረሻ ላይ አብዛኛው አዘጋጅ የሚዘልለውን አንድ ነገር አንቺ አስገቢ። ሄለንን በጠዋት ባቡር ሃሮው አጠገብ ወዳለችው አክስቷ ይወስዷታል። ከዚያ መንግሥት ምርመራ ያደርግና ዶክተሩ ከአደገኛ የቤት እንስሳው ጋር ሳይጠነቀቅ ሲጫወት ሞተ ብሎ ይዘጋዋል። በመዝገብ ላይ ሮይሎት ነፍሰ ገዳይ አይደለም፣ ጁሊያም አልተገደለችም። ይህ ዓረፍተ ነገር በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ሆልምስ ሁሉን ለዋትሰን ከማብራራቱ በፊት ነው የሚመጣው፤ ቦታውን አትቀይሪው፣ ተራኪው እንደ ዜና ያንብበው፣ የሆልምስ ማብራሪያ ከእሱ ቀጥሎ ይግባ።